ውሃው ወደ ጎን ይሄዳል

መስከረም 19 ቀን 2017

ዛሬ ከይታያል መልእክት መጣ። «እማ፣ ውሌ በጥቅምት መጨረሻ ያልቃል። ወይ አድሳለሁ፣ ወይ እመጣለሁ። ካንቺ ቃል እፈልጋለሁ።» ራሴ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ጣቴን እያስኬድኩ፣ ሦስተኛውን ያለ ጣት።

ይታያል ልጄ ነው፤ አንድ ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ሞተር ተማረ፣ ቀጥሎ የመርከብ ሞተር ተማረ፣ ቀጥሎ መርከቡ ላይ ወጣ። ከሄደ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። መርከቡ ዕቃ አይጭንም። በዖማን አገር ዳርቻ እየተመላለሰ ነፋስና ውሃ ያጠናል። ይህ ሥራ ነው ብል ሞጣ ውስጥ የሚያምነኝ የለም። እኔም ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል።

ቃል ትፈልጋለህ? ቃል ሰጥቼህ ነበር። ቆመህ ሰምተኸዋል።

አልመለስኩለትም።

መስከረም 21

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመቱ ነው። ባሌ መሪጌታ አካለ ወልድ ሠላሳ ዓመት በዚህ ግቢ ቅኔ አስተማሩ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ለተማሪዎቻቸው ንፍሮ ቀቀልኩ። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ አንድ ቀን «ሀን ያሳዩኝ» ብላቸው፣ «አንቺ ንፍሮውን አታሳርሪ» አሉኝ። አላሳረርኩም። ነፍሳቸውን ይማር።

እሳቸው በሞቱ በዓመቱ ይታያል ሄደ። ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። ከዚያ መደወሉን ትቶ መጻፍ ያዘ። የመጀመሪያውን መልእክት ወስጄ ባለ ሱቁን አስነበብኩት። ባለ ሱቁ ድምፁ ትልቅ ነው። «እማ፣ ናፍቀሽኛል» ሲል በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። አንዱ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ልጄን በሱቅ ደጅ አስጥቼ የተመለስኩ መሰለኝ። በማግስቱ የታችኛውን ክፍል ለተከራየችው ለመምህርት ሰሎሜ «አስተምሪኝ» አልኳት። ጂኦግራፊ ነው የምታስተምር፤ እኔን ግን ሀሁ አስተማረችኝ።

ይታያል ይህን አያውቅም። መልእክቱን የምታነብልኝ፣ የምትጽፍልኝም ሰሎሜ ትመስለዋለች።

«ይንገሩት እንጂ እትዬ» ትለኛለች።

«ምን ብዬ? በስተርጅና ሀሁ ቆጠርኩ ብዬ?»

«አዎ፣ እንዲያው ብለው!»

ይምሰለው።

መስከረም 25

ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ቆሜ ከኋላዬ፦

«የመሪጌታ ልጅ የማይመጣው ተገዝቶ ነው አሉ።»

«በየትኛው ቄስ?»

«በየትኛውም ቄስ አይደለም። በእናቱ።»

ሳልኩ። ስለ በርበሬ ማውራት ጀመሩ።

እኔ ያልኩት «ይህን ደጅ አልፈህ ባሕር ላይ ከወጣህ ተመልሰህ ደጄን እንዳትረግጥ፤ ግዝት ነው» ነው። ያን ብቻ ነው። የተረፈው የሰው ጭማሪ ነው። እናት ስትቆጣ ትገዝታለች። ልጅ ደግሞ ቁጣ መሆኑን ማወቅ አለበት። እሱ ግን የቅኔ መምህር ልጅ ሆኖ ሳለ ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ ሄደ።

ጥቅምት 3

ዛሬ ሦስት መልእክት ተከታትሎ መጣ። ሳይጠፋ ልገልብጠው።

«እማ፣ ስለ ሥራዬ ትጠይቂያለሽ ብዬ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣና ዳርቻውን ይዞ ይነፍሳል። ሰው ሲያየው ውሃውም ዳርቻውን ይዞ አብሮት የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም። የላዩ ውሃ ከነፋሱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ቀኙ ደግሞ ጥልቁ ባሕር ነው። ስለዚህ ውሃው ከዳር ይሸሻል። የሸሸውን ለመተካት ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፤ በሐምሌ እጅ ያደነዝዛል። ጉም ዳሩን ይሸፍነዋል፤ ያኔ ሞጣን ይመስላል። ዓሣ የሚበዛውም ያኔ ነው።»

ሞጣን ይመስላል ይላል።

ነገሩ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ነፋስ ወደ ፊት ከገፋ ውሃ ለምን ወደ ጎን ይሄዳል? በሳፋ ውሃ ሞላሁ፣ ጥቂት ገለባ ጣል አደረግሁበት፣ በእሳት ማራገቢያው ከአንድ ወገን አራገብኩ። ገለባው ቀጥ ብሎ ሄዶ ከወዲያኛው ጫፍ ተለጠፈ።

«ውሸታም» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሰሎሜ ወጥታ አየችኝና ሳቀች። «እትዬ፣ ሳፋው ትንሽ ነው። ውሃው የሚያዘነብለው ምድር ስለምትዞር ነው። ለሳፋ አይታወቀውም፤ ለባሕር ነው የሚታወቀው።»

«ምድር የምትዞር ከሆነ እኔ እንዴት አልዞርኩ? ስድሳ አንድ ዓመቴን በቢቸናና በሞጣ መካከል ነኝ።»

«እርስዎማ ዞረዋል። አልታወቅዎትም እንጂ።»

መሪጌታ ሠላሳ ዓመት ባሕረ ሐሳብ እየቆጠሩ የጾሙንና የበዓሉን ቀን አወጡ፤ ባሕር ግን አላዩም። ከጓሯችን የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ባሕር አላየም። በዚህ ቤት ባሕር ያየ አንድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ እዚህ የለም።

ምን ብዬ ልመልስለት? «እጅህን እንዳያደነዝዝህ» ልበለው? ሐምሌ አልፏል።

ጥቅምት 11

መልስ አልሰጠሁም። ውሉ ሊያልቅ ሃያ ቀን አልቀረውም።

ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። «ይታያል» ብዬ ስሙን ጽፌ ቆምኩ። ስሙ ራሱ ሙሉ ነገር ነው። የሚጨመርበት አጣሁ።

ጥቅምት 17

መጣ! መልእክቱ ማለቴ ነው። «እማ፣ የምመጣው ገና ነው። ምን ትያለሽ?»

ገና! ሰባ ሁለት ቀን። በጣቴም በመቁጠሪያዬም ቆጠርኩት። ነጠላዬን ሳላደርግ ሮጬ የሰሎሜን በር መታሁ። «ለገና ይመጣል!» አልኳት። እልል አለች። ልጅ ናት፤ የሰው ደስታ ያስደስታታል።

መልሱን ግን ራሴ ጻፍኩ። «ደግ ነው» አልኩት። ረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ና ብዬ አልለመንኩትም፣ አትምጣም አላልኩትም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልለመንኩም፤ ሊመጣ ሲል ለምን እለምናለሁ? ልኩ ይኸው ነው።

ጥቅምት 18

«ደግ ነው ብቻ?» አለችኝ ሰሎሜ።

«እሱስ ስድስት ቃል አይደል የጻፈ?»

«እስቲ ልየው።»

«አነባለሁ እኮ!» ብዬ ስልኩን ደረቴ ላይ ያዝኩ። ክፉ መናገሬ ነው። ያስተማረችኝን ልጅ ነው የተቆጣሁት። ግን የራሴ የሆነ፣ ማንም ያልነካው አንድ ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።

ጥቅምት 29

ሌሊት አንድ ነገር ታሰበኝ። የገዘትኩት በደጁ ነው። «ደጄን እንዳትረግጥ» ነው ያልኩት። ደጁ ከሌለስ?

ጠዋት ፋንታን አስጠራሁ። የመሪጌታ የወንድም ልጅ ነው፤ አናጢ ነው፤ ማሳዬንም የሚያርስልኝ እሱ ነው። አፉ አያርፍም።

«በሩን ወደዚያ አዙርልኝ» አልኩት።

«ወደ ምሥራቅ? ወደ ነፋሱ? እትዬ፣ ከኅዳር ጀምሮ አቧራውን እንደ ቆሎ ሊቅሙት ነው።»

«ነፋስ እወዳለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከመስከረም ወዲህ።»

«የድሮውንስ በር ምን ላድርገው?»

«ድፈነው።»

«ሰው ጤነኛ በር ይደፍናል?» አለና ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ቆመ። «አሃ። ደጅ ከሌለ የማይረገጥ ደጅ የለም። ኧረ ቅኔ ነው የዘረፉት! አጎቴ ይህን ሳይሰሙ መሞታቸው።»

«ምላስህን ሰብስብና ምሳርህን አንሳ።»

«ሰምና ወርቁ ደህና ነው። ጭቃው ነው የሚያስቸግረኝ።»

ኅዳር 8

በሩ አለቀ። ጭቃው ገና እርጥብ ነው።

የንስሐ አባቴ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ሊጠይቁኝ መጥተው ቤቱን ዞሩት። «ወይንእሸት፣ በሩ የት ሄደ?» አሉ። መደበቅ አልችልም፤ ነገርኳቸው።

«ግዝቱ በእንጨት ላይ ነው ወይስ በሰው ላይ?»

«በደጁ ነው ያልኩት አባ።»

«የታሰረው ልጅሽ ነው። አንቺ ያዞርሽው ቤትሽን ነው። በአፍሽ ያሰርሽውን በአፍሽ ፍቺው።»

«ሲመጣ እፈታዋለሁ።»

«ሳትፈቺው እንዴት ብሎ ይመጣል?»

«በስልክ በጽሑፍ ብፈታውስ?» አልኩ። ለምን እንደ ጠየቅሁ አላውቅም።

ጥቂት አሰቡ። «ፈጣሪ ጽሑፍም ያነባል። ልጅሽ ግን የታሰረው ድምፅሽን ሰምቶ ነው። ድምፅሽን ሰምቶ ቢፈታ ይሻላል።»

ጠላውን ጠጡና ተነሡ። ለምዶባቸው ወደ ድሮው በር ሄደው ግድግዳውን በእጃቸው ዳበሱ። ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ከወጡ በኋላ እኔም ዳበስኩት።

ቢደውል አነሳለሁ። እኔ ልደውልለት ግን… እሱ ነው የሄደ።

ኅዳር 21

«እማ፣ ነፋሱ ዞረ። አሁን ከሰሜን ምሥራቅ ነው የሚመጣው። ቀኙ ዛሬ የብስ ነው፤ ስለዚህ የላዩ ውሃ ወደ ዳር ይጠጋል። በክረምት የጣልናቸው ተንሳፋፊዎች ርቀው ሄደዋል፤ ዛሬ አዲስ ሃያ ጣልን። ኳስ መሰሎች ናቸው፤ ከሥራቸው እንደ ቀሚስ የሚንጠለጠል ረጅም ሸራ አላቸው። ነፋሱ ሳይሆን ውሃው እንዲይዛቸው ነው። ያሉበትን በራሳቸው ይናገራሉ። እኛ ቁጭ ብለን መስማት ነው።»

ስለ መምጣቱ አንድም ነገር የለበትም። የሚመጣ ሰው ስለ መምጣቱ አያወራም፤ ዝም ብሎ ይሰናዳል።

የእኔ አገር ነፋስም ዞሯል። አዲሱን በር ስከፍት ፊቴን ይመታኛል። የዚያኛው ታናሽ ወንድም ይሆን ይሆናል። ሰሎሜን ጠየቅኋት። «የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል» አለች።

ያሉበትን በራሳቸው ይናገራሉ ይላል። ሸራ ለለበሰ ኳስ ይሰማል። እኔ ያለሁበትን ማን ጠየቀኝ?

አሁን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ደስ አላለኝም። እውነት አይደለም። ጠይቆኛል። «ምን ትያለሽ?» ብሎኛል።

ታኅሣሥ 9

ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነ። ኢንተርኔቱን ከረሳነው ቆይተናል፤ አሁን መልእክቱም ቀረ። በየትኛው ቀን ከመርከብ እንደሚወርድ ልጠይቀው አስቤ ነበር።

አውድማ ዋልኩ። ፋንታ ጤፉን በላይዳ እያነሳ ለነፋስ ይሰጣል። ነፋሱ ሲቆም እሱም ይቆማል፤ ላይዳውን ተደግፎ ያፏጫል።

«ጥራው እንጂ» አልኩት።

«ነፋስ ተጠርቶ አይመጣም እትዬ። ይጠበቃል።»

ፍሬው ከተጣለበት ይወርዳል፣ ገለባው ጎን ጎኑን ይሄዳል። ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ያን ቀን ደጁ ላይ ቆሜ ልጄን ወደ ቤት የምገፋው መስሎኝ እንደ ነበር ታሰበኝ። በጣም ብጮህ፣ በጣም ቢፈራ፣ ወደ ውስጥ ይመለሳል ብዬ ነበር። በአፌ ሙሉ ነፋሁበት። እሱ ወደ ጎን ሄደ።

ፋንታ «ዓይንዎ ውስጥ ገለባ ገባ?» አለኝ።

«ገባ» አልኩት።

ታኅሣሥ 23

አልጋውን ከነፋሱ አዞርኩ። ምንጣፍ አጠብኩ። ሰሎሜ ለበዓሉ አማኑኤል ከተማ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ስትሰናበተኝ «ስመለስ አገኘዋለሁ፤ ስለ ውሃው የምጠይቀው ብዙ አለኝ» አለች።

አንድ ሐሳብ አለኝ። መቼም ከዕቃው ላይ ጽሑፍ አይጠፋም፤ ሻንጣው ላይም ይሁን ልብሱ ላይ። በአማርኛ የተጻፈ ካለ ቡና ስሰጠው ድንገት አነብለታለሁ። ዝም ብዬ፣ እንደ ቀላል ነገር። ፊቱን ማየት ነው።

ታኅሣሥ 29

አዲሱ በር ከንጋት ጀምሮ ክፍት ነው። አቧራ ገባ። የፋንታ ልጆች ለእንኳን አደረሰሽ ገቡ። ሌላ የገባ የለም።

ታኅሣሥ 30

መንገዱ ይሆናል። አንድ ቀን ተዘግቶ አንድ ቀን ይከፈታል ይላሉ።

ጥር 2

ከባሕር ዳር የመጣ መኪና አለ። ከአዲስ አበባ የመጣም አለ። ሰው እየገባ ነው።

ውሃውን ማሰብ አልፈልግም።

በሩን ስዘጋው ነፋሱ ያንኳኳዋል። ተነሥቼ እከፍታለሁ።

ጥር 5

ሰሎሜ ተመለሰች። ብቻዬን መሆኔን አየችና ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ያን መልእክት ያሳዩኝ። ይቆጡኝ፤ ግን ያሳዩኝ።»

ሰጠኋት። ድምፅ ሳታሰማ አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴት ብለው አነበቡት?»

«እንደ ተጻፈው ነዋ! የምመጣው ገና ነው።»

«ጠበቅ አድርገው ነው ያነበቡት?»

«በዓል ላልቶ ያውቃል?»

«ላልቶ ቢሆንስ? ‹ገና ነው› ሲል፣ አልደረሰም፣ ይቀረኛል ማለቱ ቢሆንስ?»

ፈራችኝ መሰል ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ፊደሉ ያው ነው አለች። ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ግን ሌላ ነው፤ ለማጥበቂያው ምልክት አይጻፍለትም፤ አንባቢው ከነገሩ ነው የሚያውቀው አለች። ጥፋቷ እንደ ሆነ ሁሉ «ይህን አላስተማርኩዎትም» አለች።

«እና ‹ምን ትያለሽ› አለኝ» አልኩ።

«እርስዎም ‹ደግ ነው› አሉት።»

ስልኩን መልሳ እጄ ላይ አኖረችው።

እኔ እኮ የቅኔ መምህር ሚስት ነኝ። ሠላሳ ዓመት በግድግዳ ሰምና ወርቅ ስሰማ የኖርኩ ሴት ነኝ። ተማሪ ሲሳሳት ከምድጃው ሆኜ አውቅ ነበር። ፊደል የማያውቅ ጆሮዬ ያልተሳሳተውን ፊደል የቆጠረ ዓይኔ ተሳሳተ። ባለ ሱቁ እንኳ ቢያነብልኝ ኖሮ በዚያ ትልቅ ድምፁ አላልቶ ያነበው ነበር። በረንዳው ሁሉ ይሰማ ነበር። አዎ። እኔም እሰማ ነበር።

ልጄ ይቀረኛል፣ ምን ትያለሽ ብሎ ጠየቀ። እናቱ ደግ ነው አለች።

ሲጠብቅ በዓል ነው አለች ሰሎሜ። የጠበቅሁትስ እኔ ነኝ።

ጥር 6

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

ደጄን እንዳትረግጥ ብቻ አይደለም ያልኩት። ደጁን አልፎ ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞር አለ። የሚመለስ መሰለኝ። ሻንጣውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሊያዛውር ኖሯል የዞረው። ያኔ «ለቀብሬም እንዳትመጣ!» አልኩት። እህቴ ስንቄ ከቢቸና ልትሸኘው መጥታ አጠገቤ ነበረች። ነጠላዬን ሳበችኝ። አፌ ግን ተናግሮ ጨርሷል።

መሪጌታ በሞቱ በዓመቱ ነበር። ግቢው ውስጥ የቀረው ድምፅ የእሱ ብቻ ነበር። «ብቻዬን አትተወኝ» ማለት ነበረብኝ። አራት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ለዚህ ደብተር እንኳ ዛሬ ነው የጻፍኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በበርም አይዞርም።

ሞጣ ኔትወርክ የለም። ቢቸና ይሠራል ይላሉ።

ጥር 8፣ ቢቸና

ከረፋድ ጀምሮ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ግንደወይን ላይ ረጅም ጊዜ ቆመን፤ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሞላን። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ለጥምቀት ነው ወይ የምትሄጂ አለኝ። አዎ አልኩት። ለማን ይነገራል።

ስንቄ በሩን ከፍታ እያየችኝ ቆመች።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ኔትወርክ ፈልጌ ነው።»

«ወይ ዘመን! እህቴ ነሽ ስልከኛ?»

ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ በሩ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ልቆጣት ብዬ ሳቅሁ። ስለ ገናው ስነግራት ግን አልሳቀችም። «እኔ እኮ ያን ቀን ነጠላሽን ስቤ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ነጠላውን ነው የሳብኩት። አፍሽን መያዝ ነበረብኝ።»

ከጓሮዋ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ከፈትኩ። ረጅም መልእክት ጻፍኩ። ስለ ገና፣ ስለ ማጥበቅና ስለ ማላላት፣ «ደግ ነው» ያልኩበትን ምክንያት። ሳነበው የጠበቃ ማመልከቻ መሰለ። ጥፋቱ የፊደሉ ነው የሚል ይመስላል። አጠፋሁት።

«ና» አልኩት። አንድ ፊደል ናት። አትጠብቅ፣ አትላላ። በየትም ወገን ቢያነባት ያው ናት።

ሄደች። ስልኩ ሄደች አለኝ።

ጥር 9

ከቀትር በኋላ መልስ መጣ። «ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ሰሎሜ?»

«እናትህ።»

«ማን እጅሽን ይዞልሽ?»

«በእጄ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ስንቄ እራት አቅርባ «ብዪ» ትለኛለች። ስልኩን ከእህሉ አጠገብ አኑሬ ተቀመጥኩ። «ይበላልሽ ይመስል» አለችኝ።

ጥር 10

ጠዋት ደወለ። አነሳሁ።

«እማ?»

«አለሁ።»

ድምፁ ወፍሯል። አባቱን መስሏል። ከኋላው የሚጮኽ ነገር አለ፤ ሞተር ይሁን ምን አላወቅሁም።

«መቼ ነው የተማርሽ?»

«አንተ ከሄድክ ወዲያ።»

«እነዚያን ሁሉ ያነበብሽው አንቺ ነሽ?»

«ሁሉንም። ስለ ቀዝቃዛው ውሃም፣ ስለ ባለ ቀሚሱ ኳስም።»

ቀስ ብሎ «‹ደግ ነው› ያልሽውስ?» አለኝ።

«ለገና ትመጣለህ ብዬ ነው። በዓሉን ነው ያነበብኩት ይታያል። በዓሉን ነው።»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የሰማሁት ግን ሳቅ አይደለም።

«ፈርሜያለሁ እኮ እማ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ።»

«ሐምሌም ወር ነው።»

«በሐምሌ ብመጣ በየት ልገባ? ደጁን…»

«ቆይ» አልኩት። ተነሥቼ ቆምኩ። ለምን እንደ ቆምኩ አላውቅም፤ ተቀምጬ የምናገረው አልመስልህ አለኝ። ስንቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከጓዳው በር ቆማ ነበር። «ይታያል፣ ያን ቀን ያልኩህን ሁሉ፣ ደጁንም ቀብሩንም፣ ፈትቼሃለሁ። እግዚአብሔርም ይፍታህ።»

ጩኸቱ ብቻ ተሰማኝ።

«እማ፣ ነፋስ ነው፣ አልሰማሁሽም። ድገሚው።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ፈትቼሃለሁ።

«ነፋስ ነው እማ። ድገሚው።»

ደገምኩት። ጎረቤት እስኪወጣ ጮኽኩ። ስንቄ «ኧረ ጆሮዬ!» አለች።

«ድገሚው» አለ።

መጀመሪያውኑ ሰምቶኝ እንደ ነበር ያኔ ገባኝ። አራተኛ ጊዜም አልኩት፤ ቀስ ብዬ፣ ሳልጮኽ።